ያበጡት አራት ካፓሲተሮች

ሐምሌ ላይ ደመናው ሲጠቁር ኮምፒውተሬን አጥፍቼ የመቀመጥ ልማድ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ግን አላጠፋሁም። አንድ የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እያስተየበኝ ነበር፣ ሁለታችንም ቸኩለን ነበር። መብራቱ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ከዚያ ማሽኑ ዝም አለ። ማብሪያውን ስጫነው ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ይቆማል።

«እትዬ፣ ሴቭ አድርገሽዋል አይደል?» አለኝ።

አድርጌዋለሁ። ግን ያለው እዚያው የሞተው ማሽን ሆድ ውስጥ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የራሴ ነገር ቢሆን እንዲህ አልጨነቅም ነበር፣ የልጁ የዓመት ልፋት ነው እንጂ።

በነጋታው መጀመሪያ ያገኘሁት ጥገና ቤት ገባሁ። ሰውየው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ፓወር ሰፕላይ ነው፣ ተቃጥሏል» አለኝ፣ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ክፍል ማለቱ ነው። አልጠየቅሁም፣ ገዛሁ። የአሥር ቀን ገቢዬ ሄደ። ቤት ወስጄ ስሞክረው ያው ግማሽ ዙር።

ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ስለ ብልሽቱ አንድም ቃል ሳይናገር ሃርድ ዲስኩን ነቀለና ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አገናኘው። «መጀመሪያ የሰው ሥራ ይውጣ» አለ። ጽሑፉ ሙሉውን ነበር! በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ፣ ተማሪውም በባጃጅ መጥቶ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ነው ደህና የተነፈስኩት።

ቀጥሎ የድሮውን ፓወር ሰፕላይ ለብቻው አድርጎ አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በወረቀት አግራፍ አገናኘው። ፋኑ ዞረ። በቴስተር ሲለካው 12፣ 5፣ 3.3 ቮልት፣ ሁሉም በቦታው። ለካ የድሮው ደህና ነበር። በጣም ተናደድኩ፣ ሳልጠይቅ በመግዛቴም ጭምር። ፓወሩ መሥራቱን ለማወቅ እኮ ያስፈለገው አንድ አግራፍና አንድ ቴስተር ነው!

በባትሪ አብርቶ ማዘርቦርዱን፣ ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበትን ዋናውን ሰሌዳ፣ አሳየኝ። ከፕሮሰሰሩ፣ ከማሽኑ አእምሮ፣ አጠገብ አራት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ቆርቆሮ መሳዮች፣ ጭንቅላታቸው አብጧል፣ አንዱ ቡናማ ነገር አፍስሷል። አናታቸው ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ ጭረት ውስጡ ሲታፈን እዚያ ጋ እንዲተነፍስና እንዳይፈነዳ ተብሎ የተሠራ ነው አለኝ። እነሱን ብቻ ቢቀይር ይበቃ ነበር፣ ግን አጠገባቸው ያለው ሞስፌት የሚሉት ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ቺፕም ሾርት አድርጎ ስለነበር ቦርዱ ራሱ መቀየር ነበረበት።

አዲስ ልግዛ ብል ኮር አይ 3 ፕሮሰሰሬም ዲዲአር 3 ራሜም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) አይገቡበትም፣ ሦስቱንም መግዛት ሊሆንብኝ ነው። ስለዚህ የእኔን ዕቃዎች የሚቀበል ኤች 61 የሚባል ያገለገለ ቦርድ አገኘልኝ። ገጠመው። ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ልቤ ወረደ።

«እታለም፣ አትቸኩይ» አለኝ። ቦርዱ የ2011 ነው፣ ፕሮሰሰሬ ደግሞ በ2012 የወጣው ሦስተኛ ትውልድ፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ። የቦርዱ ባዮስ፣ ማሽኑን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ከፕሮሰሰሩ በፊት የተጻፈ ስለሆነ አያውቀውም። ከመሳቢያው የሁለተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር አውጥቶ ገጠመበት፣ ስክሪኑ በራ። አሁን የቀረው ባዮሱን ማደስ ነው። በመሃል መብራት ከሄደ ግን ይሄኛውም ቦርድ አለቀለት።

ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ አምፖሉ ይርገበገባል። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስ አለው፣ ግን ባትሪው ደክሟል። ስለዚህ ጠበቅን። እኔ «ቶሎ በል» ማለት የምወድ ሴትዮ ሁለት ሰዓት ተኩል በር ላይ ቆሜ ጎርፉን ሳይ ቆየሁ። ዝናቡ አባርቶ አምፖሉ ሲረጋጋ ጀመረ። ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው፣ ዓይኔን ከአምፖሉ አልነቀልኩም።

ከዚያ የእኔን ፕሮሰሰር መለሰ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን የደረቀ ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱን፣ ጠርጎ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብ አደረገበት። በራ! ቀኑ ግን ወደ 2011 ተመልሶ ስለነበር ቀኑን የምትይዘውን ባለ 3 ቮልቷን ክብ ባትሪም ቀየረልኝ።

የማያስፈልገኝ ፓወር ሰፕላይ ከነካርቶኑ መደርደሪያ ላይ ነው። ካፓሲተሮቹ ላበጡበት ሌላ ሰው ፓወር ሰፕላይ ከመሸጡ በፊት አግራፏን እንዲሞክር ለመጀመሪያው ጥገና ቤት ሰውዬ ሄጄ ልነግረው አስቤያለሁ።

ይህን ስጽፍ ከዘጌ በኩል ደመናው እየመጣ ነው። ሶኬቱን ልንቀለው።