መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጬ የተማርኩት

ርዕሰ መምህር በሆንኩበት የመጀመሪያ ዓመት የሰኞ ጠዋት ሥራዬ አንድ ነበር። የመምህራኑን የትምህርት እቅድ ሰብስቤ እያገላበጥኩ እፈርማለሁ፣ ማህተም እመታለሁ። ዓላማው ተጽፏል፣ የመርጃ መሣሪያው ተጠቅሷል፣ ደቂቃው ተከፋፍሏል፤ በቃ፣ ትምህርቱ ደህና ነው ማለት ነው። እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ ማክሰኞ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ልከታተል ገባሁ። የሚያስተምሩት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መምህር ናቸው። እኔ ወደዚህች የደቡብ ከተማ ከመምጣቴ ብዙ ዓመት በፊት እዚሁ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ውስጥ ነበሩ። ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት የታተመ ነው የሚመስለው። ድምፃቸው እስከ ግቢው በር ይሰማል። ፊት ቦታ ስላልነበረ ሄጄ መጨረሻው ዴስክ ላይ ከአንድ ልጅ አጠገብ ተቀመጥኩ። ልጁ አንዲት ፊደል ሳያስቀር ይገለብጣል። በሰማያዊ ይጽፋል፣ በቀይ ያሰምራል። ደስ አለኝና ዝቅ ብዬ አንዱን መስመር በጣቴ እያሳየሁት «ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ የጻፉት ነው» አለ።

ሌላ መልስ አልነበረውም። ልጁ ሰነፍ አይደለም። የታዘዘውን ሁሉ አድርጓል፤ ዝም ብሏል፣ ጽፏል፣ «ኢዝ ኢት ክሊር?» ሲባል ከክፍሉ ጋር አብሮ «የስ ቲቸር!» ብሏል። ጋሼም 40 ደቂቃ ሙሉ ቆመው፣ ላባቸው ጠብ እስኪል ደክመዋል። ሁለቱም የድርሻቸውን ተወጥተው፣ ልጁ ግን ምንም ሳይማር ደወል ተደወለ።

ቢሮዬ ተመልሼ የክፍል ምልከታ ቅጹን አወጣሁት። መምህሩ በሰዓቱ ገብቷል? ድምፁ ይሰማል? ሰሌዳውን በአግባቡ ተጠቅሟል? ከላይ እስከ ታች የሚጠይቀው ስለ መምህሩ ነው። ተማሪው ምን ያዘ የሚል አንድም ጥያቄ የለበትም።

ያን ቀን ከጋሼ ይልቅ ስለ ራሴ ነው ያሰብኩት። እኔ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ፣ 11 ዓመት። ፍጥነት ማለት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ነው ብዬ ስንት ልጅ አስሸመደድኩ። ቀመሩን የማይጽፍልኝ ተማሪ አልነበረም። ግን «160 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ አውቶቡሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በስንት ሰዓት ይደርሳል?» ብዬ ብጠይቅ ስንቶቹ አራት ሰዓት ይሉኝ እንደነበር አላውቅም። አንድም ቀን እንደዚያ ጠይቄያቸው አላውቅምና።

የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በአገራችን ጥሩ ስም አላቸው። በምዝገባ ሰሞን ወላጅ ገና ሳይነጋ በር ላይ ይሰለፋል። ሥነ ሥርዓት አላቸው ይባላል፣ እውነትም ነው። ግን ፀጥ ያለ ክፍል ሁሉ የገባው ክፍል አይደለም፤ እኔ ደግሞ ለዓመታት ሁለቱን አንድ አድርጌ ነው ያየሁት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ብዙ ሰው ስለ ኩረጃ አወራ። እኔ ዓይኔ ላይ የመጣው በቀይ እያሰመረ የሚገለብጠው ልጅ ነው።

መጀመሪያ የቀየርኩት የራሴን አገባብ ነው። ክፍል ስገባ መምህሩን ማየት ተውኩ። መጨረሻው ዴስክ ላይ እቀመጣለሁ፣ ደብተር አያለሁ፣ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ሦስት ልጆች እጠራለሁ፤ አንድ ከፊት፣ አንድ ከመሃል፣ አንድ ከኋላ። «ዛሬ ምን ተማራችሁ? እስቲ ለእኔ አስረዱኝ» እላቸዋለሁ። ያሉትን እንዳሉት እጽፍና ያኑ ቀን ከመምህሩ ጋር ሻይ እየጠጣን አብረን እናነበዋለን። አስተያየት አልሰጥም። ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

በመጀመሪያው ወር ግን መምህራኑ ፈርተውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አገር አለቃ ክፍል ከገባ ውጤት ሊሞላ ነው። ስለዚህ ስብሰባ ጠርቼ በግልጽ ተናገርኩ፤ ይሄ ምልከታ ከሥራ አፈጻጸም ነጥብ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም አልኩ። ቃል ብቻ አልበቃም። ስለዚህ እኔም የአሥረኛ ክፍል አንድ ሴክሽን ፊዚክስ ያዝኩና መምህራኑ መጥተው ከኋላዬ እንዲቀመጡ ጠየቅኩ። መጡ። የእኔን ተማሪዎች ጠየቁ፣ ያገኙትን አነበቡልኝ፤ ሳዳምጥ ፊቴ ጋለ። ከዚያ ወዲህ ነው በሩ የተከፈተልኝ። አሁንም ያንን ሴክሽን አልለቀቅኩም።

ቀጥሎ ሰዓት ይዤ መቁጠር ጀመርኩ። መምህሩ ይጠይቃል፤ ወዲያው ካልተመለሰለት ወይ ራሱ ይመልሰዋል፣ ወይ ሁልጊዜ እጅ የምታወጣውን የፊት ወንበር ልጅ ይጠራል። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያጠኑት ይሄንኑ ነበር። መምህራን ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኙት። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የተማሪው መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉትም አፋቸውን መክፈት ይጀምራሉ። ለመምህራኑ ስነግራቸው ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር። አይደለም። 54 ልጅ ፊት ዝም ብሎ መቆም ይከብዳል። አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት «ዝም ስል እኮ የማላውቅ ይመስላቸዋል» አለችኝ። ስለዚህ ዝምታው ሥራ እንዲኖረው አደረግን። ጥያቄው ይጠየቃል፣ ሁሉም አንድ ደቂቃ ይጽፋል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ያወራል፣ ከዚያ መምህሩ እጅ ሳያስወጣ በስም ይጠራል። «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ጨርሰን አስቀረነው፤ አዎ ከማለት ውጪ ሌላ መልስ ያለው ልጅ አይቼ አላውቅም።

የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለወረቀት ሰጠናቸው። ቢሮ ውስጥ በአንድ በኩል የተጻፈበት ወረቀት ይጠራቀማል፤ ያንን ቆራርጠን ለየክፍሉ አደልን። ክፍለ ጊዜው ከማለቁ በፊት አንዲት ጥያቄ ብቻ። መምህሩ አያርምም፣ ማርክ አይሰጥም፤ በሦስት ክምር ብቻ ይለየዋል። የገባው፣ ግማሽ የገባው፣ ያልገባው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የነገው ትምህርት የሚጀምረው ከሦስተኛው ክምር ነው።

አጥብቀው የተቃወሙኝ ጋሼ ነበሩ። ቢሮዬ መጥተው ቆመው ነው የተናገሩት። «አንተ ልጅ፣ ፖርሽኑን ማን ሊጨርስልህ ነው? ፈተናው ከመጽሐፉ ሁሉ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ትክክል ናቸው። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ዓመቱ አጭር ነው፣ ስብሰባና በዓል ሲቀነስ ደግሞ የበለጠ ያጥራል። መልስ አልነበረኝም፤ «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይሞክሩልኝ፣ ካልሆነ ይተዉታል» ብዬ ለመንኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቶቹን ይዘው መጡ። የሁለት ቁጥሮችን ድምር በራሱ ማባዛት አስተምረው ነበር። ከክፍሉ አብዛኛው እያንዳንዱን ቁጥር ለየብቻ በራሱ አባዝቶ ደምሮታል። 2 እና 3 ደምረህ በራሱ ስታባዛ 25 ነው፤ ለየብቻ አባዝተህ ስትደምር ግን 4 እና 9፣ 13 ይሆናል። ይሄን ስህተት ጋሼ በየዓመቱ ፈተና ላይ ያዩታል። የዚህን ዓመት ግን ገና በጥቅምት ነው ያዩት፣ ልጆቹ ገና እጃቸው ላይ እያሉ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ብዙ አላወሩም።

በማግስቱ ክፍሉን ይዘው ሜዳ ወጡ። በኖራ አምስት ሜትር በአምስት ሜትር አራት ማዕዘን አሰመሩ፤ ቁመቱንም ወርዱንም በ2 እና በ3 ሜትር ከፋፍለው ሁለት መስመር አቋረጡበት። አራት ክፍል ወጣ። ልጆቹን በየክፍሉ አቆሙና ካሬ ሜትሩን አስቆጠሩ፤ አንዱ 4፣ አንዱ 9፣ የቀሩት ሁለቱ ስድስት ስድስት። «እነዚህን ሁለቱን የት ጥላችኋቸው ነበር?» አሉ። እኔ መስኮቴ ላይ ቆሜ ነበር። ስድስቱ ላይ የቆሙት ልጆች እጃቸውን እያወዛወዙ «እዚህ ነን!» ሲሉ አሁንም ይሰማኛል። ጋሼ ከዚያ በኋላም ፖርሽን ያሳስባቸዋል። ስለዚህ በየትምህርት ክፍሉ ተቀምጠን የትኛው ምዕራፍ በደንብ መቆፈር እንዳለበት፣ የትኛው ለቤት ሥራ እንደሚተው በመስከረም እንወስናለን። ፍጹም አይደለም፤ አንዳንድ ዓመት የመጨረሻው ምዕራፍ ይሮጥበታል።

ሌላው ትልቅ ነገር ቋንቋ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከቋንቋ ትምህርት በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ አንቀጽ አንብቦ መጨረስ ያቅተዋል። በአዲስ አበባና በአዳማ የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤቶችን የሚያስተዳድረው፣ የላሳል ወንድሞች የተባለው የካቶሊክ ማኅበር መሥራች፣ ፈረንሳዊው ቅዱስ ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል፣ እ.ኤ.አ. ከ1651 እስከ 1719 የኖሩ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘመን ልጆች ማንበብ የሚጀምሩት በላቲን ነበር። እሳቸው የድሃ ልጆችን በሚናገሩት በፈረንሳይኛ ማስጀመርን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1950 ቤተ ክርስቲያን የመምህራን ጠባቂ ብላ የሰየመቻቸው እሳቸውን ነው። ይሄን ታሪክ ለዓመታት አውቀው ነበር፤ ስለ እኛ ክፍል እንደሚናገር ግን አልታየኝም ነበር። አሁን አዲስ ሐሳብ ሲጀመር መምህሩ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በአማርኛ ያስረዳል፣ ልጆቹ በፈለጉት ቋንቋ ይወያያሉ፣ ጽሑፉና መልሱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። አንዳንድ ወላጆች «እንግሊዝኛ ይማርልን ብለን ነው የከፈልነው» ብለው መጥተዋል። ልጃቸውን ጠርቼ ያንኑ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲያስረዳቸው አደርጋለሁ። ሲያስረዳ ካዩ በኋላ የተመለሰ የለም።

ያልተሳካልኝም አለ። አንድ ለአምስት ቡድን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ጎበዟ ትሠራለች፣ አራቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። መፍትሔውን ያገኘሁት ከቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ሁሉንም ልጅ ራሳቸው አያስነብቡም፤ የበሰለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፣ ከዚያ ታናሹ የኔታ ፊት ቀርቦ ራሱ ያነባል። እኛም ቡድኑን ወክሎ የሚናገረው በዕጣ እንዲሆን አደረግን። ዕጣው በማን ላይ እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ ጎበዟ ሌሎቹን ማስረዳት ግድ ሆነባት። ተሻለ፤ አሁንም ግን ዝም ብሎ የሚያልፍ ቡድን አለ።

አርፋጆችንም በስህተት ነበር የያዝኳቸው። በር ላይ አስቆማቸው ነበር። አንድ ቀን ስማቸውን ከሮስተር ጋር ሳነጻጽር በሒሳብ የወደቁት ብዙዎቹ እነሱው ሆኑ። ሒሳብ በፕሮግራሙ ላይ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን አንደኛ ክፍለ ጊዜ ነበር፤ ውኃ ቀድታ፣ ረጅም መንገድ በእግሯ መጥታ የምትደርሰው ልጅ ሁልጊዜ የምታጣው ሒሳብን ነው። ፕሮግራሙን አዘዋወርነው፣ በር ላይ ማስቆሙንም ተውኩት።

«ታዲያ ካቶሊክነታችሁ የቱ ጋ ነው?» የሚሉኝ አሉ። ተማሪዎቻችን ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ ናቸው። ክፍል ውስጥ ሃይማኖት አይሰበክም፤ ሕገ መንግሥቱም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። ለእኔ ካቶሊክነቱ ያለው ሦስተኛው የወረቀት ክምር ላይ ነው። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዷን በግ ፍለጋ የሚወጣውን እረኛ የማምን ሰው ያልገባቸውን ትቼ መቀጠል አልችልም። ጣሊያናዊው ቄስ ዶን ቦስኮ እ.ኤ.አ. በ1884 ከሮም በጻፉት ደብዳቤ ልጆችን መውደድ ብቻ እንደማይበቃ፣ መወደዳቸውን ራሳቸው ማወቅ እንዳለባቸው ተናግረዋል። ባዮሎጂ የሚያስተምሩን ሲስተር ይሄን በተግባር አሳዩኝ። በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት የ54ቱንም ስም ከነአባታቸው ያውቃሉ። «እንዴት ቻሉት?» ብላቸው በቀን አምስት ስም እየያዙ ማታ ሲጸልዩ አንድ በአንድ እንደሚጠሯቸው ነገሩኝ። ብዙዎቻችን ግማሹን ክፍል «አንተ፣ እዚያ ጋ ያለኸው» እያልን ነበር የምንጠራው።

አሁን እጄ ላይ ያለው ከባዱ ሥራ ማንበብ ነው። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል የገቡትን አንድ በአንድ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አስነበብናቸው፤ ከጠበቅነው በላይ ብዙ ልጅ አንቀጹ መሃል ቆመ። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱን ከፍተን፣ 11ኛ ክፍሎች ዘጠነኛዎቹን እያስነበቡ ነው። ያ በቀይ ያሰምር የነበረው ልጅ ከአስነባቢዎቹ አንዱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር አንብባ ስትጨርስ፣ ቀጣዩን ከመጀመሯ በፊት መጽሐፉን በመዳፉ ሸፈነና «እሺ፣ ምን ማለት ነው?» አላት። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቃት።