ዜሮ የጎደላት ምጣድ

ደንበኛችን የኤሌክትሪክ ምጣድ አስገጣጥሞ በቴሌግራም ይሸጣል። ሱቅ የለውም፤ ያለው አንድ መጋዘን፣ ሁለት ሞተረኞችና የእህቱ ልጅ የሠራለት ቦት፣ ማለትም ለገዢ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም፣ ነው። ገዢው ዕቃውን ይመርጣል፣ ብዛቱን ይጽፋል፣ በቴሌብር ይከፍላል። ቦቱም ወዲያው «ትዕዛዝዎን ተቀብለናል፣ ክፍያዎ ተረጋግጧል፣ በ3 ቀን ውስጥ እናደርሳለን» ይላል።

በሰሙነ ሕማማት አንድ ምሽት የበዓል ዋጋ ሲያስገባ 9,800 ብር ለማለት 980 ብሎ ጻፈና ተኛ። ጠዋት ሲነሣ 41 ምጣድ ተሽጧል። አርባውን የገዛው አንድ ነጋዴ ነው። አንዷን ደግሞ ሻርጃ የምትሠራ ሴት ደሴ ላሉ እናቷ አዝዛለች፤ ሂሳቡን የከፈለችው አዲስ አበባ ያለች እህቷ ናት።

ጥብቅና ቢሯችን ሲመጣ ፊቱ ጠቁሯል። «እኔ እኮ ተኝቼ ነበር! ማሽን ነው የመለሰላቸው። ሰው ተኝቶ እንዴት ይስማማል?»

በዚያ ሰሞን የማታ ትምህርቴ የኢንተርኔትና የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ ነበር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ዳር ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል። አለቃችን ጋሼ ግን አዋጁን ወደ ጎን ገፋ አደረጉና «መጀመሪያ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1687 አንብቢለት» አሉኝ። በ1952 የወጣ ሕግ ነው፤ ያኔ ኢንተርኔት የሚባል ነገር በሕልምም አልነበረም።

1687 የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ የዋጋ ዝርዝር መላክ፣ ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ዕቃን ለሕዝብ ዘርግቶ ማሳየት የውል ሐሳብ እንደማቅረብ አይቆጠርም። ስለዚህ 980 ብር ተብሎ ቻናሉ ላይ መውጣቱ ብቻውን ባለምጣዱን አያስረውም። የውል ሐሳብ አቅራቢው «ግዛኝ» ባዩ ሻጭ ሳይሆን «ሽጥልኝ» ባዩ ገዢ ነው ማለት ነው። ደንበኛችን ይህን ሲሰማ ትንፋሹ ተመለሰ፤ ወንበሩ ላይም ተደላደለ።

«ቆይ» አሉት ጋሼ። «ገዢው ሲጠይቅህ ምን መለስክለት?»

«እኔ አልመለስኩም። ቦቱ ነው።»

«ቦቱን ማን አቆመው?»

ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ማሽን የሰው ፈቃድ የለውም የሚለው ክርክር ክፍል ውስጥ ለፍልስፍና ይመቻል፤ ችሎት ፊት ግን ብዙ ርቀት አይሄድም። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የኤሌክትሮኒክ ግንኙነቶች ስምምነት አንቀጽ 12 በአውቶማቲክ ሥርዓት የተደረገ ውል፣ ሰው እያንዳንዱን ድርጊት አላየውም ተብሎ ብቻ ዋጋ አያጣም ይላል። የእኛው 1205ም መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈገው ያደርጋል። ቦቱ «ተቀብለናል» ካለ ባለቤቱ ተቀበለ። በሩቅ ባሉ ሰዎች መካከል ደግሞ፣ በ1692 መሠረት፣ ውሉ የሚቆመው መቀበሉ በተላከበት ጊዜና ቦታ ነው። ሰውዬው እያንኮራፋ ውል ገብቷል።

አንድ ተለማማጅ ተማሪ ከጥግ ሆኖ «የዚያው ስምምነት አንቀጽ 14 ስለ መጻፍ ስህተት ይናገራል እኮ» አለ። ልጁ ማንበቡ ደስ ይላል። ግን አንቀጽ 14 የሚጠብቀው በሌላ ሰው ማሽን ላይ ሲጽፍ ጣቱ የሳተውንና ማሽኑ የማረሚያ ዕድል ያልሰጠውን ነው፤ አንድ ምጣድ ለማለት 11 የጻፈ ገዢ ቢሆን ይጠቅመው ነበር። ባለምጣዱ የሳተው በገዛ ማሽኑ ላይ ነው።

የቀረው መንገድ «በስህተት ነው የተዋዋልኩት» ብሎ ውሉን ማስፈረስ ነው፤ እሱም ያው እዚያው ፍትሐ ብሔር ውስጥ። ወሳኝና መሠረታዊ ስህተት ውልን ያስፈርሳል፤ ሆኖም 1702 ስህተትን ከቅን ልቦና ውጭ መጠቀሚያ ማድረግን ይከለክላል፤ 1703 ደግሞ አፍራሹ ለሌላው ወገን ጉዳት ይክፈል ይላል፤ ያ ወገን ስህተቱን ያወቀ ወይም ማወቅ ይገባው የነበረ ካልሆነ። እንግዲህ ጥያቄው ገዢዎቹ ምን ያውቁ ነበር የሚል ሆነ።

ስለዚህ በኢንተርኔት የሚሸጠውን የሲንጋፖሩን የዲጂላንድሞልን ጉዳይ አነሣሁ። በጥር 2003 እ.ኤ.አ. 3,854 የሲንጋፖር ዶላር የሚያወጣ የኤችፒ ሌዘር ፕሪንተር ድረ ገጽ ላይ በ66 ዶላር ወጣ። ስድስት ሰዎች በአንድ ሌሊት 1,606 ፕሪንተር አዘዙ፤ አውቶማቲክ ማረጋገጫም ደረሳቸው። ሻጩ አላስረክብም ሲል ከሰሱትና ተሸነፉ፤ በ2005 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ያሸነፋቸው በዚያ ሌሊት እርስ በርስ የተጻጻፉት ነው፤ ዋጋው ስህተት መሆኑን ማወቃቸው ከመልእክቶቻቸው ተነበበ። የእነሱ ሕግ ከእኛ የተለየ ነው፤ ግን የትኛውን ማስረጃ ፈልጎ ማውጣት እንዳለብን ያሳያል።

የእህቱን ልጅ ጠርተን የቦቱን መዝገብ ከሰርቨሩ አስወጣነው። ነጋዴው በጠበቃው በኩል የላከልን እስክሪንሾት የሚጀምረው ከትዕዛዙ ነው። መዝገቡ ግን ወደ ላይ ይቀጥላል። ከሳምንታት በፊት ይኸው ሰው የዚያኑ ምጣድ ዋጋ ጠይቋል፤ ቦቱ «9,800 ብር» ብሎታል፤ እሱም «ትንሽ ቅናሽ የለውም?» ብሏል። ከዚያ ዝም። ከዚያ ሌሊት ላይ 40 ምጣድ። የኤሌክትሮኒክ መልእክት በማስረጃነት እንዲቀርብ 1205 በር ስለሚከፍት፣ ገጹን ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ለጠበቃው ላክንለት። ገንዘቡ ተመለሰለት፤ ሌላ ቃል አልሰማንም።

የሻርጃዋ ጉዳይ ሌላ ነው። ለዓመታት አገር ቤት አልገባችም፤ ምጣድ ስንት እንደገባ በምን ታውቃለች? አንድ ብቻ ነው ያዘዘችው፤ ቦቱንም የጠየቀችው «ለፋሲካ ይደርሳል?» ብላ ነው። ቻናሉ ላይ ከዋጋው በላይ «የበዓል ቅናሽ» የሚል ጽሑፍ አለ። እሷ ላይ «ማወቅ ነበረብሽ» ማለት ለእኔ ሕጉን ማጣመም ነው። ባለምጣዱ አኮረፈ፤ «የሷም ዜሮ እኮ ያው ዜሮ ነው» አለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «ዜሮው አንድ ነው፤ ሰዎቹ ሁለት ናቸው» አሉት። ምጣዷ ለበዓሉ ዋዜማ ደሴ ደረሰች፤ በ980 ብር።

በመጨረሻ የቦቱን ቃል ቀየርን። «ተቀብለናል» ወጣና «ትዕዛዝዎ ደርሶናል፤ ዋጋና ክምችት አረጋግጠን እስክንደውል ሽያጩ አልተጠናቀቀም» የሚል ገባ፤ ክፍያውም ከስልክ በኋላ ሆነ። ባለምጣዱ ደንበኛ ይሸሽብኛል ብሎ ተከራከረ፤ አልተሳሳተም፤ ጥቂት ይሸሻል። የእህቱ ልጅ ግን የተሻለ ጥያቄ ነበረው።

«እስክንደውል ድረስ ደንበኛው ሐሳቡን ቢቀይርስ እቴ?»

«ሻጩ ሊወስን በሚበቃው ምክንያታዊ ጊዜ ያህል ደንበኛው ያቀረበው ሐሳብ ያስረዋል፤ 1691።»

«ለምጣድ ምክንያታዊ ጊዜ ስንት ነው?»

ጋሼን አየኋቸው። እሳቸውም ባለምጣዱን አዩት። «በነጋታው እስከ ቀትር ብለህ ጻፍ» አሉት፤ «ቁጥሩን ግን አንተ እንዳትጽፈው፤ ልጁ ይጻፈው።»