ደረጃው ሥር የሚቀረው ዘመድ

አካል ጉዳተኞችን በማኅበራዊ ሕይወት ስለማካተት በተነሣ ቁጥር የምሰማው ምላሽ «አገራችን ድሃ ናት፤ አቅም ሲኖር ይደረስበታል» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። አዲስ አበባ ውስጥ በመስታወትና በእብነ በረድ አምረው የሚሠሩት ሕንፃዎች ገንዘብ ያጠራቸው አይመስሉም፤ የብዙዎቹ መግቢያ ግን በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው ዝግ ነው።

ሕግ ጠፍቶም አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙም ሆነ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸው ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። በቀጣዩ ዓመትም ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች።

ራምፕ፣ ማለትም ደረጃ የሌለው ተዳፋት መወጣጫ፣ ሲሠራ በተለምዶ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይያዝለታል፤ ግማሽ ሜትር ከፍ ላለ በረንዳ 6 ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። በየቦታው የማየው ግን ሁለት ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ሽቅብ የቆመ፣ ለስላሳ ሴራሚክ የለበሰ፣ ዝናብ ሲነካው በእግሩ የሚሄደውንም የሚያንሸራትት መወጣጫ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል።

ከቢሮውና ከባንኩ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የሰርጉና የዕድሩ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሰው ከሰው የሚቆጠረው ለቅሶ ሲደርስ፣ ሰርግ ሲጠራ፣ ስብሰባ ላይ ሲገኝ ነው። አዳራሹ ፎቅ ላይ ከሆነና ሊፍቱ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚቆም ከሆነ፣ ዊልቸር የሚጠቀመው ዘመድ «አንተ አትድከም፤ ምሳህን እንልክልሃለን» ይባላል። የሚሉት በፍቅር ነው፤ ሲደጋገም ግን ጥሪው ራሱ ይቀራል። በዕድሩም መዋጮውን በሰው እጅ የሚልክ አባል ብቻ ሆኖ ይኖራል። የሥራ ወሬም ሆነ የብድር ዋስ የሚገኘው ሰው በተሰበሰበበት በመሆኑ፣ ከሰርጉ የቀረ ሰው ከኑሮ መሻሻያውም ይቀራል።

ራምፑ ፕላኑ ሲነደፍ ከታሰበበት ወጪው ትንሽ ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ደረጃ ማፍረስ ይጠይቃል። ስለዚህ የመጠቀሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ዊልቸር ተጠቃሚና አንድ ዓይነ ስውር ሰው ተገቢው ክፍያ ተከፍሏቸው ከተቆጣጣሪው ባለሙያ ጋር ከበር እስከ መጸዳጃ ቤት ይሂዱ፤ ያልደረሱበት ቦታ ካለ ፈቃዱ ይቆይ። የዕድር ዳኞች ደግሞ ስብሰባውን ከፎቅ አውርደው ሜዳ ላይ በድንኳን ለማድረግ የማንንም መመሪያ መጠበቅ የለባቸውም፤ ድንኳኑም የራሳቸው ነው።