ብረት ሲንጣጣ የሰማሁበት ምሽት

እናቴ በደወልኩ ቁጥር «ልጄ፣ እዚያ አገር የምትማረው ምንድን ነው?» ትለኛለች። ዘንድሮ መልሱን አገኘሁት፦ «እማዬ፣ ደብረ ማርቆስ ከአጥራችን ጥግ ያለው ትራንስፎርመር ሌሊቱን ሙሉ ለምን እንደሚያጉረመርም ነው የምማረው።»

እውነቴን ነው። ያ ትራንስፎርመር ሰፈሩ በሙሉ መብራቱን አጥፍቶ ሲተኛ እሱ እንዳጉረመረመ ያነጋል። የመብራቱ መስመር በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ በውስጡ የተነባበረው ስስ ላሜራ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። ማግኔቱ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥርም ጥቂት ኃይል ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አንድ አምፖል እንኳ ባይበራ ብክነቱ አያርፍም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው፤ ለአገሬ ኤሌክትሪክ ከግድብ እስከ ምጣድ ስንት ተለፍቶበት ይደርሳል!

ጀርመን አገር፣ ድሬስደን ከተማ የመጣሁት ይህን ብክነት ለመለካት ነው። በላሜራው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ እጠመጥማለሁ፤ ሽቦው በብረቱ ውስጥ የሚያልፈውን የማግኔት ለውጥ ይነግረኛል።

የመጀመሪያው ክረምት ከባድ ነበር። ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ይጨልማል፣ የምለካው ብክነት ደግሞ ፋብሪካው ከጻፈው በላይ እየሆነ ያስቸግረኛል። መሣሪያውን ጠረጠርኩ፤ ሽቦውን ፈትቼ እንደገና ጠመጠምኩ። ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው ጥፋቱ የእኔ መሆኑ የገባኝ። ላሜራውን በመቁረጫ ቆርጬ በቀጥታ ወደ መለኪያው አስገብቼዋለሁ። የተቆረጠው ጠርዝ ውስጡ ውጥረት ስለሚይዝ ማግኔቱ እዚያ ላይ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። 800 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ፣ አየር በማይገባበት፣ አግዬ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተውኩት። ቁጥሩ ወረደ። ያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አለቀስኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ሽቦውን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁና ማግኔት ወደ ብረቱ በዝግታ አስጠጋሁ። ጠሽ፣ ጠሽ፣ ጠሽጠሽ አለ፤ ልክ ፈንዲሻ ክዳኑ ሥር መፈንዳት ሲጀምር! በብረት ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማግኔታዊ ክፍሎች ድንበራቸው ይያዝና፣ ይቆይና፣ በድንገት ይዘላል። በየዝላዩ ጥቂት ኃይል ይባክናል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪክ ባርክሃውዘን ይህን ድምፅ እ.ኤ.አ. በ1919 ለዓለም የነገረው እዚሁ ድሬስደን ሲያስተምር ነው። ቡና ከተፈላበት ቤት ከራቅሁ ቆይቼ ስለነበር ማግኔቱን ደጋግሜ አስጠጋሁት፣ አራቅሁት።

ለእናቴ ይህንንም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና መስኮቱን ስትከፍት ተሰማኝ።

«አሁንም ያጉረመርማል» አለችኝ።