ሐረር አንድ ሳምንት፣ ከአገሬው ሰው ጋር

ሐረር አንድ ሳምንት ልቆይ ነው ስል ያልተቃወመኝ ሰው የለም። «ሁለት ቀን ይበቃሻል፤ ማታ ሰው የሚመግበውን ጅብ አይተሽ ነይ» አሉኝ። አልሰማኋቸውም፤ ባለመስማቴም እኮራለሁ። በሁለት ቀን የሚመለስ ሰው በሮቹን፣ ጅቡንና አንድ ሁለት ሙዚየም አይቶ ይመለሳል። ከተማዋን ግን አያውቃትም። ከተማዋን ለማወቅ ጊዜና አብሮ የሚዞር የአገሬው ሰው ያስፈልጋል።

አብራኝ የዞረችው የሥራ ባልደረባዬ አክስት ናት። ጁገል ውስጥ፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ተወልዳ፣ እዚያው አስተምራ፣ እዚያው ጡረታ የወጣች። እትዬ እላታለሁ። አንቱ ልላት ስሞክር ተቆጣችኝ። ሐረር ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ነው የሚባባለው። ስለዚህ እዚህም አንቺ እያልኩ እጽፋለሁ፤ አክብሮቴ እንዳለ ነው።

ጉዞው ቀላል ነው። ሐረር አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ድሬዳዋ ድረስ በረርኩ። ከዚያ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥተን፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፈን ገባን። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያረፍኩት ግንቡ ውስጥ፣ እንግዳ በሚቀበል የድሮ የሐረሪ ቤት ነው። ደረጃ በደረጃ ከፍ የሚሉ መደቦች፣ ግድግዳው ሙሉ ሙዳይና ሳህን። ሆቴል ከምትይዙ እንዲህ ያለ ቤት ያዙ።

ዕቅዱን ከመሄዴ በፊት ለእትዬ በቴሌግራም ልኬላት ነበር። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ እያልኩ ሁሉንም ሞልቼዋለሁ። የመለሰችልኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «አቦ፣ ከምሳ በኋላ ማንን ልታገኚ ነው?» ሐረር ከምሳ በኋላ ጫት ይዛ በርጫ ትቀመጣለች። ሱቁ ይቀዘቅዛል፣ ሰው ቤት ይገባል። ስለዚህ ዕቅዱን አብረን አስተካከልነው። ጠዋት እንዞራለን፤ ከሰዓት ሰው ቤት እንቀመጣለን፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደግሞ እንወጣለን። የትኛውም የጉብኝት ወረቀት ይህን አልነገረኝም። ሁሉም ከጠዋት እስከ ማታ ቦታ ይደረድራሉ።

ጠዋቱ ሀብታም ነው። ጊዲር መጋላ ከሚባለው ገበያ ሥጋ ገዝቶ የሚወጣ ሰው ዘንቢሉን አጥብቆ ይሸፍናል፤ ካልሸፈነ ጭልፊት ከላይ ወርዳ ትነጥቃለች። መኪና ግርግር የሚባለው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው። እትዬ ጨርቅ ገዝታ ሰጠችና ሌላ ሥራችንን ጨርሰን ስንመለስ ቀሚሱ ተሰፍቶ ጠበቀን። ጁገልን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመዘግብ 82 መስጊድና 102 የቅዱሳን መካን (የሚዘየሩ ቅዱስ ስፍራዎች) አሉበት ብሏል። ይህን ቁጥር ሁሉም ሰው ይነግራችኋል። የትኛው መካን ላይ ማን ሐሙስ ማታ እንደሚሰበሰብ የነገረችኝ ግን እትዬ ናት።

ከሰዓት በኋላው ደግሞ ከጠበቅሁት በላይ ሆነልኝ። ስፌት የሚሰፉ ሴቶች ጋ ተቀመጥን፣ የቡና ቅጠል ተፈልቶ የሚሠራውን ቁጢ ጠጣን፣ የሰርግ ወሬ ሰማን። ማታ ሸዋ በር ወጥተን የግመል ሥጋ ሳምቡሳ በላን።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። ይህን የምጽፈው በዋናነት ለእሱ ስል ነው።

አንድ ጠዋት መግቢያ ወደሚከፈልበት አንድ ታሪካዊ ቤት ሄድን። ብሬን አውጥቼ ቆሜአለሁ። በር ላይ ያለው ወጣት እትዬን ከላይ እስከ ታች አያትና «ባጅሽስ?» አላት።

«የምን ባጅ?»

ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያልያዘ እንግዳ አይገባም፣ ባጅ የሌለው ሰውም እንግዳ ይዞ መዞር አይችልም አለን። እንግዳ የተባልኩት እኔ ነኝ። መታወቂያዬን አሳየሁት። ዘመድ ጥየቃ የመጣሁ ያህል ነው፣ እሷም ከእኔ ብር አልተቀበለችም አልኩት። «መመሪያ ነው» አለ። መመሪያው የት አለ? አላሳየንም። «ከቢሮ ደብዳቤ አምጡ» ብሎ ፊቱን አዞረ። እትዬ ያደገችበት ግቢ ከዚያ በር ጥቂት ቤቶች ዝቅ ብሎ ነው።

ቢሮው ሄድን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። መቼ ይመጣሉ? ከምሳ በኋላ። ከምሳ በኋላ ተመለስን፤ በሩ ተቆልፏል። በረንዳው ላይ አንድ ወንበር ነበር፣ እትዬን አስቀመጥኳት። ጉልበቷን ያማታል። 10 ሰዓት ሲጠጋ አንዲት ሠራተኛ መጣች። «ማመልከቻችሁስ?» አለች። ጠዋት ማንም ማመልከቻ ያስፈልጋል አላለንም። ወረቀት ገዝቼ በእጄ ጻፍኩ። አነበበችውና «የመታወቂያ ኮፒ ይያያዝበት» አለች። ጠዋት አብረው ቢናገሩ ምን ነበረበት? ኮፒ ቤቱ መብራት የለውም። ሁለተኛው ተዘግቷል። ከግንቡ ውጭ ወጥቼ አስነስቼ ስመለስ ማህተም የሚይዘው ሰው ሄዷል። «ነገ ኑ።»

በማግስቱ ሄድን። ደብዳቤው ሲፈረምና ማህተም ሲያርፍበት ዓይን እንደ መጨፈን ነው የፈጀው። ማን እንደሆንን፣ ለምን እንደፈለግነው የጠየቀን ሰው የለም። ይዘነው ወደዚያ ቤት ስንሄድ በር ላይ ሌላ ልጅ ቆሟል። ደብዳቤውን ዘረጋሁለት። አላየውም። የመግቢያውን ብር ተቀበለና «ግቡ» አለን።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የእትዬ ነገር ነው። ስንቱን የከተማውን ልጅ ፊደል ያስቆጠረች ሴት በገዛ ሰፈሯ እንደ ደላላ ታየች። በረንዳው ላይ ስትቀመጥ የሚያልፈው ሁሉ ያውቃታል። «ምን ሆነሽ ነው?» ይሏታል። ምን ትበል? ከዚያ ወዲያ ጠባቂ ያለበት በር ስንደርስ «አንቺ ግቢ፣ እኔ ውጭ እጠብቅሻለሁ» ትለኝ ጀመር። ለምኜ ነበር የማስገባት።

ፈቃድ ያላቸው አስጎብኚዎች ይቅሩ አልልም። እንጀራቸው ነው፤ ታሪኩንም ያውቃሉ። እንግዳ እያሳደዱ የሚያዋክቡ ልጆችም ስላሉ ቁጥጥር ያስፈልጋል። ነገር ግን ዘመዷን ይዛ የምትዞርን አሮጊትና መንገድ ላይ እንግዳ የሚያጠምድን ጎረምሳ መለየት ያቃተው አሠራር እንግዳም አስጎብኚም አይጠቅምም።

ስለዚህ የሚባለውን ትቼ የራሴን ልምከር። «ሁልጊዜ ባጅ ካለው አስጎብኚ ጋር ዙሩ» ይባላል። እኔ የምለው፦ ባጅ ያለውን ለአንድ ጠዋት ብቻ ያዙ፣ በደንብ ክፈሉት፣ የሚከፈልባቸውን ቤቶች ሁሉ በዚያ ጠዋት ጨርሱ። የአገሬው ሰው አብሯችሁ ይግባ፤ በሩ ላይ ተናጋሪው ባለባጁ ይሁን። እኔ ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ይህንን ነው፣ ሠርቷል። የቀረው ሳምንት የእናንተና የሰዋችሁ ነው። ገበያ፣ መንገድና ሰው ቤት ባጅ አይጠይቁም። ሁለት የመታወቂያ ኮፒም ከቤታችሁ አስነስታችሁ ውጡ።

የራምቦ ቤት ለሚባለው ብዙ ሰዓት አትመድቡ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የኖረው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው፤ ያ ቤት ግን የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። ከላይ ሆኖ ከተማውን ለማየትና ለድሮ ፎቶዎቹ መግባት ያዋጣል። ያን ሰዓት ራስ ተፈሪ በኖሩበት ቤት ላለው የሸሪፍ ሙዚየም ስጡት። የድሮ የእጅ ጽሑፎቹን ለማየት ብቻ ግማሽ ቀን ያንሳል።

ጅቡን በመጀመሪያው ማታ አትዩ። ቆይታችሁ፣ ሌሊት በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ከሰማችሁ በኋላ፣ ግንቡ ሥር ለእሱ የተተወለትን ቀዳዳ በቀን ካያችሁ በኋላ ሂዱ። ያኔ ትርዒት መሆኑ ቀርቶ የከተማው ኑሮ መሆኑ ይገባችኋል። ከሐረር በስተምሥራቅ ያለችውን ባቢሌን ለሰኞ ወይም ለሐሙስ ያዙት፤ የግመል ገበያው የሚቆመው ያኔ ነው። ሳምንቱን መምረጥ ከቻላችሁ ደግሞ ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ተጾሞ ለሚከበረው ሸዋልኢድ አድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ማረፊያ ግን አስቀድማችሁ ያዙ።

ስለ ገንዘብም ሳትሄዱ በፊት ተነጋገሩ። እትዬ ክፍያ የሚባል ነገር መስማት አልፈለገችም። እኔ በባልደረባዬ በኩል ጨረስኩት፦ ባጃጁ፣ ምግቡ፣ መግቢያው በእኔ፤ ለልጅ ልጇ ደግሞ የዓመቱ ደብተርና ጫማ። እጇ ላይ ብር አላስቀመጥኩም። የእናንተ ሰው ክፍያ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ የቀን ዋጋውን በግልጽ ቁረጡ፣ አታሳፍሩት። በር ላይ ያለው ሰው «ስንት ትከፍልሃለች?» ብሎ ሲጠይቀው ሁለታችሁም አንድ መልስ ይኑራችሁ።