ስታለቅሱም እንኳን አደረሳችሁ

እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ብርሃነ ትንሣኤ በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ገድፈን፣ ቤተሰቡ ጋደም ባለበት ሰዓት ነው። ሀዋሳ ሌሊቱን ሙሉ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ስትል አድራ አሁን ጸጥ ብላለች። አባታችን ያረፈው ከጥምቀት በኋላ ስለሆነ ይህ እሱ የሌለበት የመጀመሪያው ፋሲካችን ነው። ለቅሶ የደረሳችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን።

ሌሊት እማዬ ዶሮውን ስታወጣ ፈረሰኛውን እንደ ልማዷ ለብቻው አነሳችው። ከዚያ እጇ ቆመ። የት ታስቀምጠው? ጎረቤታችን ጋሼ፣ የእድራችን ሰው፣ የራሳቸውን ቤት ትተው ከእኛ ጋር ሊገድፉ መጥተው ነበርና እሳቸው ፊት አኖረችው። እሳቸውም «ይሄ የእሱ ነው» ብለው የአባቴን ስም ጠሩና ሥጋውን እየፈለፈሉ ልጆቹን በየተራ አጎረሱ። ሁላችንም አለቀስን። እያለቀስንም በላን።

ሰሞኑን ደጋግሞ የደረሰን ማጽናኛ «በትንሣኤ አይለቀስም፤ ክርስቲያን አይደላችሁ?» የሚል ነው። የሚሉን በፍቅር ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን አልስማማም። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ብሎ ጻፈ እንጂ ጭራሽ አትዘኑ አላለም። ጌታችን ራሱ አልዓዛርን ሊያስነሳው ሲሄድ፣ ጥቂት ቆይቶ «አልዓዛር ሆይ፥ ወደ ውጭ ና» ብሎ እንደሚጠራው እያወቀ፣ ከማርታና ከማርያም ጋር እንባውን አፈሰሰ። ያ ሬሳ መቃብር ከገባ 4 ቀን ሆኖት ነበር። የፊታችን ረቡዕ በስሙ አልዓዛር ተብሎ የሚታሰበው እሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ዘንድሮ ልቤን የያዘችው ግን መግደላዊት ማርያም ናት። ድንጋዩ ተንከባሏል፣ መቃብሩ ባዶ ነው፣ ጌታ ተነሥቷል፤ እሷ ግን ደጅ ቆማ ታለቅሳለች። ትንሣኤው ከሆነ በኋላ ነው የምታለቅሰው! አጠገቧ የቆመውን እንኳ አትክልተኛ መስሏት ሬሳውን ወዴት እንደወሰደው ጠየቀችው። እሱም አልገሠጻትም፤ በስሟ ጠራት። እንባዋ መነሣቱን አላስቀረውም። የእኔም እምነት ይኸው ነው፦ የአባቴ ትንሣኤ በእኔ ጥንካሬ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። ክርስቶስ ተነሥቷልና እሱም ይነሣል፤ እኔ ባለቅስም ባላለቅስም።

ቤተ ክርስቲያናችንም ሞትን ሸሽጋ ወደ በዓል አታስገባንም። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ ሆሣዕና ዕለት ለሁሉም አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል። ዘንባባችንን ጣታችን ላይ አስረን የራሳችንን ፍትሐት ቆመን ሰማን ማለት ነው። በቀዳም ሥዑር ደግሞ ካህናቱ ያደሉንን ቄጤማ ራሳችን ላይ አሰርን። እማዬ በጥቁር ልብሷ ላይ ቄጤማውን አስራ ስትመለስ ሳያት ከብዙ ስብከት ይልቅ ያ አጽናናኝ።

ለደስታውም 50 ቀን ሰጥታናለች። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ አይሰገድም። ቶማስም ቢሆን ያመነው ከ8 ቀን በኋላ ነው፤ ያየውም የችንካሩ ምልክት ያልጠፋበትን እጅ ነው። ስለዚህ ዛሬ «እልል» ማለት ያቃታችሁ ወዳጆቼ፣ አትደንግጡ፤ ገና ጊዜ አለ።

እናንተ ደግሞ ቤታችሁ የሞላላችሁ፣ ሐዘን የገባበት ጎረቤት ካላችሁ እስከ ዳግም ትንሣኤ ባለው ሳምንት ጎራ በሉ። ዳቦ ይዛችሁም ሆነ ባዶ እጃችሁን፣ ብቻ ሂዱ። ስትሄዱም የሟቹን ስም አትፍሩ፤ ጥሩት፣ ወግ አውሩ። ሐዘንተኛ እንዳይከፋው ተብሎ ስሙ ሲዘለል የበለጠ ይከፋዋል። ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ የሆናችሁ ወዳጆቼም ዛሬ ከማለዳው ጀምሮ እየደወላችሁ አባቴን በስሙ አንስታችሁልኛል፤ እማዬ ስልኩን ከጆሮዋ አልነጠለችውም።

ያረፉትን ሁሉ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ የቀራችሁትን ያጽናችሁ። ከእኛ ቤት መምጣት የምትፈልጉ፣ ዶሮው ገና አላለቀም፤ ቡናውም እየተቆላ ነው። መልካም የትንሣኤ በዓል!