የባቡር ጣቢያ ታሪክ ልጽፍ ብላችሁ ከተነሳችሁ፣ ደብዳቤውን ተዉት
ድሮ የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ይቆምባት የነበረችን የአንዲት ትንሽ ከተማ ጣቢያ ታሪክ ሰብስቤ ጨርሻለሁ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ስላልነበረ እናንተ ስሙኝ።

ትልቁ ታሪክ አያስቸግርም። አጼ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ሐዲዱን የመዘርጋት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። በመሀል የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ ሌላ ተተካ። ይህን ቁጭ ብላችሁ ታነቡታላችሁ፣ አለቀ። የኩባንያው የፈረንሳይኛ ወረቀት ዓመት ግን የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከጎኑ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጻፉ።

ጉዱ ያለው ጣቢያውን ፎቶ የማንሳት ፈቃድ ላይ ነው። ጣቢያው በር የለውም፣ መስኮቱ ተነቅሏል፣ ትኬት ይቆረጥበት የነበረው ክፍል ውስጥ ፍየሎች ተኝተው ያመሰኳሉ። ግድግዳው ላይ የደበዘዘውን የጣቢያውን ስም ላነሳ ስልኬን ሳወጣ ጥበቃው ከየት መጣ ሳልል ደረሰ። «ክልክል ነው፣ ደብዳቤ አለህ?» ለደብዳቤው አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከኝ፣ ሌላው «የግለሰብ ጥያቄ አንቀበልም፣ ከመሥሪያ ቤት አጽፈህ ና» አለኝ። አጽፌ ስመጣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከስብሰባ ሲወጡ ደግሞ መስክ ናቸው። በመጨረሻ ማህተም ያለበት ወረቀት ይዤ ብቅ ስል ምን ቢባል ጥሩ ነው? «ለኛ ግልባጭ አልተደረገልንም።» ሐዲዱ እየተፈታ ለቁራሌ ሲሸጥ ግልባጭ ለማን እንደተደረገ ብጠይቅ ደስ ባለኝ! እስካሁን ያናድደኛል።

መጀመሪያ ደብዳቤ ያዙ የሚሏችሁን አትስሙ። ሻይ ቤት ሂዱና የባቡር ጡረተኞችን ፈልጉ። ጣቢያው ለምን እዚያ ቦታ እንደተተከለ ያስረዱኝ አንድ አባት ናቸው። የእንፋሎቱ ባቡር ውሃ ይጠማዋል፣ በየተወሰነ ርቀት ቆሞ ካልጠጣ አይሄድም፤ ከተማዋ የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ በውሃ ማጠራቀሚያው ዙሪያ ነው። የናፍጣው ሲመጣ ውሃው አላስፈለገም፣ ግን ባቡሩ ስለሚቆም እንቁላልና ሻይ በመስኮት ይሸጥ ነበር። ባቡሩ ሲቀር ገበያው ወደ አስፋልቱ ዞረ። በ2009 የተመረቀው አዲሱ ባቡርም አልካሳቸውም፤ የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ስለሆነ የራሱን ሰፊ መስመር ዘርግቶ በሌላ በኩል ያልፋል።

ስትጠይቁ «በስንት ዓመተ ምህረት ነው?» አትበሉ፣ ዝም ብለው ይገምቱላችኋል። «ከአዋሹ አደጋ በፊት ነው በኋላ?» በሉ። በጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ገደል ገብቶ ያ ሁሉ ሰው ያለቀበትን ቀን የዘነጋ ባቡረኛ አላጋጠመኝም። ከዚያ ወደፊትም ወደኋላም ይቆጥሩላችኋል።

የድሮ መታወቂያ ወይም ፎቶ ካወጡላችሁ እዚያው ጠረጴዛ ላይ አንሱና መልሱ። ላስቀምጥልዎት ብሎ መውሰድ ነውር ነው። ቢሮ ይግባ የሚል ምክር ከመጣ ደግሞ እኔ በበኩሌ ከአልጋቸው ሥር ያለውን ሻንጣ የበለጠ አምነዋለሁ።